ቀዝቃዛው ባሕር የዘገየበት ዓመት

በየመን ጠረፍ ባለችው በእኛ ከተማ፣ በሙከላ፣ ባሕሩ የሚቀዘቅዘው ሙቀቱ ሰው ሊገድል ሲደርስ ነው። ሐምሌ ገብቶ ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ሲተፋ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ጣሪያ ሲሸሽ፣ ያኔ የበልዳ ኮከብ ይወጣል። ከኮከቡ ጋር ባሕሩም ይገለበጣል። ትናንት እንደ ሾርባ የነበረው ውሃ ዛሬ እግር ያደነዝዛል። ከሸለቆውም ከበረሃውም ጉልበቱን የሚያመው፣ ወገቡ የተያዘ፣ ቆዳው የሚያሳክከው፣ እንቅልፍ የከዳው ሁሉ ምንጣፉንና የሻይ ፔርሙሱን ይዞ ይወርድና ጎህ ሲቀድ እየተነከረ ኮከቡ እስኪያልፍ ይከርማል። ስንት ሰው እንደተፈወሰ የቆጠረ የለም። ሳይመጣ የቀረው ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያቃስት ሁሉም ይሰማዋል።

ሐጃ ሙዝና ከዱዓን ሸለቆ በየዓመቱ የሚወርዱት ለጉልበታቸው ነው። የሚያርፉት አሮጌው ሰፈር፣ በታናሽ ወንድማቸው በጁምዓን ቤት። ጁምዓን ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቤቱ ቀጭንና ረጅም፣ ደረጃው ለፍየል የተሠራ ይመስል ቀጥ ያለ። ሐጃ ሲመጡ እየተደገፉ ይገባሉ። በልዳን ከርመው ሊሄዱ ሲሉ ግን ማንም ሳይነካቸው እስከ ጣሪያው ይወጡና ከላይ ሆነው፣ "ጁምዓን! የውሃ ታንከርህ ክዳን ክፍት ነው!" ብለው ይጮሃሉ። ሰፈሩ በልዳ ማለቁን የሚያውቀው በዚያ ጩኸት ነው።

በዚያ ዓመት ግን ብቻቸውን አልመጡም። ልጃቸው ሳልሚን ጅዳ ከሚሠራበት ፈቃድ ወስዶ መጥቶ፣ እሱ ራሱ በመኪና አመጣቸው። ምክንያት ነበረው። ከጥቂት ወራት በፊት ሐጃ ከገዛ ቤታቸው ደረጃ ላይ ወድቀው፣ አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ መጥታ እስክታገኛቸው ድረስ እዚያው አርፍደዋል። "ወድቄ አይደለም፣ ዐረፍ ብዬ ነው" ይላሉ እሳቸው። ሳልሚን ወሬውን እንደሰማ ቆረጠ። ሙከላ ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት ተከራየ፤ የምትጠብቃቸው ሴት አገኘ፤ የሸለቆውን ቤት ሊዘጋው ተነሣ።

"ቤቴ የሚዘጋው እኔ ስወጣ ነው። እኔ ደግሞ የምወጣው በቃሬዛ ነው" አሉት በስልክ።

"እሱን ነው እኮ እኔም የፈራሁት!"

እናትና ልጅ እስኪኮራረፉ ተነታረኩ። በመጨረሻ ጁምዓን መሃል ገባና ነገሩን ለባሕሩ ሰጠው። ሐጃ በልዳን ይክረሙ። እንደ ሌላው ዓመት ማንም ሳይነካቸው ጣሪያ ከወጡ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ሳልሚንም ዳግመኛ ስለ ደረጃ አያነሣም። ካልወጡ ወደ ኪራዩ ቤት ይገባሉ፤ እሳቸውም ዳግመኛ ስለ ሸለቆ አያነሡም። ሁለቱም የጁምዓንን ጢም ይዘው ማሉ። የሳልሚን ፈቃድ የሚያልቀው ኮከቡ በሚያልፍበት ሰሞን ነበር።

ኮከቡ ወጣ። ባሕሩ ግን አልተገለበጠም።

የመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ሐጃ የጁምዓንን ሚስት ፋጡምን ተደግፈው ከድንጋዮቹ ጀርባ ወዳለው የሴቶች ቦታ ወረዱ። ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ ቁርጭምጭሚት ገቡ፤ ቆሙ፤ ተመልሰው ወጡ።

"ምነው?" አለች ፋጡም።

"ሻይ ቅጠሉን ረስታችሁታል። ውሃው ፈልቷል።"

ነገሩ ከነፋስ ነው። በዚያ ወራት ከደቡብ ምዕራብ፣ ከሶማሌ ጠረፍ ማዶ፣ የምናውቀው ነፋስ ይነሣል። ሲነፍስ የባሕሩን የላይኛውን ውሃ ከዳር እየገፈፈ ወደ መሃል ይወስደዋል፤ የተገፈፈውን ለመተካትም ፀሐይ ካላየው ጥልቅ ቀዝቃዛው ይወጣል። ጁምዓን ይህን የሚያስረዳው በድስት ነው፤ "ስቡን ከላይ ስትገፍፈው መረቁ ይወጣል" ይላል። በዚያ ዓመት ነፋሱ ሰነፈ። አንድ ቀን ይነሣና ሁለት ቀን ይተኛል። ከላይ ያለው ውሃ ደግሞ ገና ከሚያዝያ ጀምሮ ሲግል የከረመ፣ ከወትሮው የወፈረ ነበር።

"ስቡ በዝቷል፤ ጭልፋው ጠፍቷል" አለ ጁምዓን መረቡን እያራገፈ። ከመረቡ የወጣው ከዓሣ ይልቅ እንደ አጥሚት የሚዝለገለግ የባሕር ነፍሳት ነበር።

ዳርቻው ላይ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ያም ሆኖ ኮከቡ ወጥቷልና መነከሩን አልተወም፤ ወገቡ ላይ የሚያገለድመውን ፉጣ ሸብ አድርጎ፣ ላቡን ላብ በሚመስል ውሃ እያጠበ፣ "ዛሬስ ትንሽ ይሻላል አይደል?" ይባባላል። ሐጃ ብቻ እምቢ አሉ። ጠዋት ጠዋት ወርደው በእግራቸው ጣት ይነኩና ይመለሳሉ።

"እማ፣ ሰው ሁሉ እኮ እየገባ ነው" አላቸው ሳልሚን።

"ሰው ሁሉ ጉልበቱን ሊቀቅል ይችላል። እኔ ሁለት ብቻ ነው ያሉኝ።"

"ቀኑ እየሄደ ነው።"

"ይሂድ። እኔ የመጣሁት ለቀኑ አይደለም፣ ለውሃው ነው።"

ሳልሚን የባሕሩን ሙቀት በቀለም የሚያሳይ ካርታ ስልኩ ላይ ነበረው። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አሳያቸው። ከሕንድ ዳር እስከ እኛ ዳር ባሕሩ ቀይ ነበር።

"ይኸው፣ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ነው። ቀዩ ትኩስ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ።"

"ሰማያዊው የታል?"

"የለም።"

"ታዲያ ለዚህ ሰማይ ድረስ ምን አስኬደው? እኔ በእግሬ ጣት ነግሬህ የለ?"

ጁምዓን እህቱ እንዲሸነፉ አልፈለገም። ዳኛ ነኝ ብሎ ቢቀመጥም ዳኝነቱ ዘመም ያለ ነበር። አንድ ማለዳ ከዓሣ ገበያው ትልቅ የበረዶ ብሎክ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣ፤ ምድር ቤት በርሜል ውስጥ የባሕር ውሃ ሞላና በረዶውን ከተተበት። ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው ሐጃን ጠራቸው።

"እትዬ፣ ነይ እስኪ፣ ባሕሩ ቤት ድረስ መጥቶልሻል።"

ሐጃ ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

"ይሄ በረዶ ትናንት ከማን ጋር ነው የተኛው?"

"ከማንም።"

"ጁምዓን!"

"ከቱና ጋር" አለ ጁምዓን መሬት መሬት እያየ። "ግን ታጥቧል።"

"ጉልበቴ ዓሣ ነው እንዳይገማ በረዶ ላይ የምታስተኛው? አውጣልኝ!"

ፋጡም ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓዳ ሸሸች። በረዶውን የሰፈሩ ልጆች ተካፈሉት።

ከሸለቆ የመጡት ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ መሄድ ጀመሩ። ምንጣፍ የሚዘረጋበት ቦታ ጠፍቶ የነበረው ዳርቻ ክፍት ክፍት አለ። ሳልሚን ማሸነፉ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን የአሸናፊ ነገር አይታይም። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ጣሪያ ላይ ተጋድመው ሳለ ለአጎቱ ነገረው።

"አጎቴ፣ እኔ እናቴን ከቤቷ ማስወጣት የሚያምረኝ ይመስልዎታል?"

"አላልኩም።"

"ያ ጎርፍ ሸለቆው ላይ የመጣ ጊዜ እማ አምስተኛው ደርብ ላይ ሆና ነው ያየችው። ጎረቤቶቻችን ታች ነበሩ፤ የጭቃ ቤታቸው ሻይ ውስጥ እንደገባ ስኳር ሲሟሟ አይታለች። ዛሬ ቢመጣስ? ማን ነው ወደ ላይ የሚያወጣት? ይሄ ባሕር እንዲህ እንደጋለ ከከረመ ምን እንደሚልክብን እርስዎ ያውቁታል።"

ጁምዓን እውነትም ያውቀዋል። ትኩስ ባሕር ዝም ብሎ አይተኛም፤ ነፋሳቱ ቦታ ሲቀያየሩ አውሎ ነፋስ ይወልዳል፤ አውሎ ነፋሱም ጀልባውን ከእኛ፣ ቤቱን ከሸለቆው ሰዎች ይወስዳል። ድሮ አያቶቹ በሕይወታቸው አንዴ ያዩት ነገር በእሱ ዕድሜ ደጋግሞ መጥቷል።

"ምለሃል እንግዲህ" አለ ጁምዓን። "እሷም ምላለች። ባሕሩ ይወቅ።"

የሳልሚን ፈቃድ ሊያልቅ ሲል፣ ቁርስ ላይ ተቀምጠው ፋጡም የጠበሰችውን ባኽምሪ ዳቦ በወተት ሻይ እየነከሩ ሲበሉ፣ ሳልሚን እንደ ልማዱ ስልኩን አየ። አየና ስልኩን ገልብጦ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው። ዳቦ ቆረሰ። አልጎረሰውም።

"ምን ሆነሃል? ከሥራህ ጠሩህ እንዴ?" አለች ፋጡም።

"አይ።"

ስልኩን አነሣ፣ እንደገና አየ፣ እንደገና ገለበጠው። ጁምዓን የሳልሚንን እጅ ይመለከታል። ሐጃ ሻያቸውን እያበረዱ ነው።

"ቡሩም ላይ ሰማያዊ አለ" አለ ሳልሚን።

ሐጃ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ምን ያህል?"

"የጥፍር ያህል። ወደ ባሕር የገባው የተራራው አፍንጫ ጋ፣ ከወዲያ በኩል።"

"ለሁለት ጉልበት ይበቃል።"

ቡሩም ከእኛ ወደ ምዕራብ፣ በመኪና ብዙም የማይርቅ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ተራራው ባሕር ውስጥ ስለሚገባ ነፋሱ እዚያ ይበረታል፤ ሰንፎ እንኳ የሚነፍስ ከሆነ የሚነፍሰው እዚያ ነው። ጁምዓን ደወለና አንድ የሚያውቀውን ሰው ጠየቀ። ሰውዬው ማለዳ መረብ ሲጎትት ጣቶቹ ደንዝዘው ቋጠሮ መፍታት አቅቶት በጥርሱ እንደፈታ ነገረው። ጁምዓን ስልኩን ዘግቶ የእህቱን ልጅ ትከሻ ያዘ።

"ዝም ማለት ትችል ነበር" አለው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ጢምዎን ይዤ ነው እኮ የማልኩት።"

በማግስቱ ጨለማው ሳይገፈፍ ተነሡ። የባሕሩን ዳር ይዘው ሲሄዱ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ሙቀቱ ያው ነበር፤ ቡሩም ሊደርሱ ሲሉ ግን መንገዱ ላይ ጉም ወረደ፤ የመኪናው መስታወት ከውጭ በኩል ላብ አወጣ። ሐጃ መስኮቱን አወረዱና አፍንጫቸውን ወደ ውጭ አደረጉ።

"መጣ" አሉ። "ሸተተኝ።"

ውሃው አረንጓዴ ነበር፤ የባሕር ወፎች እየተጋፉ ይወድቁበታል። ፋጡም ሐጃን ይዛ ከድንጋዮቹ ወዲያ ወረደች። ሁለቱ ወንዶች ጀርባቸውን ሰጥተው መኪናው ጎን ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ የሐጃ ጩኸት ተሰማ። ሳልሚን ዘሎ ሊነሣ ሲል ጁምዓን ጎትቶ አስቀመጠው።

"ተው፣ ያ የደስታ ነው። በየዓመቱ እንዲህ ነው የምትጮኸው።"

"ሐጃ፣ ይብቃ፣ ይውጡ!" ትላለች ፋጡም። "ከንፈርዎ ሰማያዊ ሆኗል!"

"ለሳልሚን ንገሪው፣ ካርታው ላይ ያስገባኝ!"

ተመልሰው ሲመጡ ፀጉራቸው ከሻሻቸው ሥር ይንጠባጠባል፣ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፣ ግን ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ባለው ማለዳም ሄዱ፤ አሁንም ቀዝቃዛ ነበር፤ እንዲያውም ሐጃ በሕይወቴ እንዲህ የቀዘቀዘ አላየሁም አሉ። ነገ ሳልሚን ይበራል። የጣሪያው ነገር ዛሬ ከሰዓት መሆን ነበረበት።

እኛ ሰፈር ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትዞር ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ ነበር። ፉጣውን አስተካክሎ ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ፣ "ዛሬ ክዳኑ ክፍት ነው ዝግ ነው?" ብሎ ጁምዓንን ጠየቀው። ጁምዓን ታንከሩን ሆን ብሎ ከፍቶት ነበር የመጣው።

ሐጃ ዱላቸውን ለፋጡም ሰጡ። ግድግዳውን በቀኝ እጃቸው ነክተው ጀመሩ። ሳልሚን ከኋላቸው ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ፣ ግን ሳይነካ፣ ይከተላል። የመጀመሪያውን ደርብ ሳያርፉ አለፉ። ከመንገድ፣ "አይዞሽ ሐጃ!" የሚል ተሰማ። ሁለተኛው ላይ ትንፋሻቸው ከፍ አለ፤ "ደረጃህን ጨመርክበት እንዴ ጁምዓን?" አሉ። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሃል ላይ ቀኝ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። ግራ እግራቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡት። እንደገና አነሡ። ጉልበቱ እምቢ አለ። ቆሙ።



"እማ" አለ ሳልሚን። "የቡሩም አይቆጠርም። ቶሎ ቶሎ ነው የተነከርሽው። የእኛው ባሕር ሲቀዘቅዝ እንደገና ትሞክሪያለሽ፤ ፈቃዴን አስረዝማለሁ።"

"ልክ ነው" አለ ጁምዓን ከሥር እየሮጠ መጥቶ። "የቡሩም ውሃ ለሙከላ ደረጃ አይሆንም፤ ይሄ የታወቀ ነው።"

"ዝም በሉ ሁለታችሁም።" ሐጃ ቀስ ብለው ዞሩና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑት። "ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እሱ የሚችለውን አድርጓል። ባላገኘው ኖሮ እስከ ዓመት ባሕሩን ስወቅስ እከርም ነበር። አሁን ማንን ልውቀስ?"

ቀና ብለው ደረጃውን ወደ ላይ ተመለከቱ።

"እዚህ የት ነን?" አሉ ሐጃ።

"እ?"

"በእኔ ቤት ይሄ ከፍታ የቱ ጋ ነው?"

ሳልሚን አሰበ። "የእንግዳ መቀበያው በር ጋ።"

"እንግዲያው ከዚያ በታች ያለው የኔ ነው። እህሉም ፍየሎቹም እዚያው ናቸው፣ ብቻዬን አልሆንም። ከዚያ በላይ ያለውን ለሰው እሰጣለሁ።"

"ለማን?"

"ጎርፉ ቤቱን ለወሰደበት ለቡኸይት ልጅ። ሚስት አግብቶ ከአማቶቹ ጋር ተፋፍጎ ነው የሚያድረው። ኪራይ አልፈልግም። ውሃ የመጣ ቀን ግን እኔን ወደ ላይ ይጎትታል። ኪራዩ እሱ ነው።"

ሳልሚን አጎቱን አየ። አጎቱም እሱን።

"ምን ትተያያላችሁ? ጣሪያ ላይ የምታወሩት እኮ በዚህ ደረጃ እየወረደ ታች ይሰማል።"

"እሱ እሺ ማለቱን በምን አወቅሽ?" አለ ሳልሚን።

"ከመምጣቴ በፊት ጠይቄዋለሁ።"

ጁምዓን ግንባሩን መታ። "እትዬ! እንዲህ አዘጋጅተሽ ከመጣሽ እኔን በረዶ ያስጎተትሽኝ ለምንድነው?"

"ብወጣስ ኖሮ? ብወጣ ሙሉውን ቤቴን ይዤ እኖር ነበር። ሰው ቤቱን ከመስጠቱ በፊት ጉልበቱን ይሞክራል።"

ሳልሚን ገና አልተሸነፈም። እዚያው ደረጃው ላይ ስልኩን አወጣና ደወለ። የቡኸይት ልጅ ገበያ መሃል ነበር መሰል፣ ከወዲያ ጫጫታ ይሰማል። ሳልሚን ሰላምታውን አሳጥሮ፣ "እናቴ ያለችህን ተቀብለሃል?" አለው።

"በሁለት እጄ!"

"ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ደረጃው ጭቃ ነው። ተሸክመህ ታወጣታለህ?"

"ሐጃን? ከነፍየሎቻቸው አወጣቸዋለሁ፣ ወላሂ!"

"መጀመሪያ እሷን" አለ ሳልሚን። "ፍየሎቹ ይደርሳሉ።" ስልኩን ዘግቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። "ግን ምለናል እኮ። ካልወጣሽ ኪራዩ ቤት ነው ብለን የአጎቴን ጢም ይዘን ምለናል።"

ሁለቱም ወደ ጁምዓን ዞሩ። ጁምዓን ጢሙን በመዳፉ እያሸ ቆየ። ዳኝነቱ ሳይዘም የቆመው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል፤ አንዴ እህቱን፣ አንዴ የእህቱን ልጅ እያየ በደንብ አሰበበት።

"በየሳምንቱ ትደውልለታለህ፤ ለልጁ" አለው ሳልሚንን። "ለእሷ አይደለም፣ ለልጁ። ሰማዩ ሲከብድ፣ ስልክህ ላይ ያ ቀይ ነገር ሲሽከረከር ስታይ፣ ቀድመህ ትነግረዋለህ። እሱም ዝናቡን ሳይጠብቅ ያወጣታል። አንቺም እትዬ፣ ውጪ ስትባዪ ትወጫለሽ፣ አትከራከሪም።"

"አንዴ ብቻ እከራከራለሁ" አሉ ሐጃ።

"አንዴ ይፈቀዳል። ጢሙ የኔ ነው፤ በዚህ ፈትቻችኋለሁ።"

ሳልሚን ስልኩን ኪሱ ከተተና፣ "እሺ" አለ።

ከመንገድ ሽማግሌው፣ "ኧረ ወይ ጩኹ ወይ ንገሩን!" አለ። ፋጡም በመስኮት ብቅ ብላ፣ "ክዳኑን ጁምዓን ራሱ ወጥቶ ይዘጋዋል፤ ወደ ቤታችሁ ግቡ!" አለችው።

ሐጃ ሙዝና ተቀምጠው ሳሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ሳልሚን እጁን ግማሽ መንገድ ላይ አቆመ።

"ማንም እንዳይነካኝ ብለሽ አልነበር?"

"የማልነው ስለ መውጣት ነው" አሉ ሐጃ። "ስለ መውረድ ማንም አልማለም። ና፣ ያዘኝ።"